ከብስኩት ቆርቆሮ የወጣው አሰብ

አሜሪካ ውስጥ አሌክሳንድሪያ ባለው የፎቶግራፍ ጥበቃ ላብራቶሪ ሥራ የጀመርኩ ቀን መጀመሪያ የተማርኩት እጅ መታጠብ ነው። ሱፐርቫይዘራችን ዳያን በር ላይ ተቀበለችኝና እጄን አየት አደረገችው። «ሎሽን ተቀብተሻል?» አለችኝ። «አዎ» አልኳት። «ከነገ ጀምሮ አትቀቢ። ዛሬ እስከ ክርንሽ ታጠቢ።» ታጠብኩ። ጓንት አስለበሰችኝ። ስሜን የጠየቀችኝ ከዚያ በኋላ ነው።

«ትርንጎ» አልኳት። ደጋግማ ሞከረችውና «ትሪንጎ» ላይ አረፈች። ጡረታ እስክወጣ ድረስ እዚያ ቤት ትሪንጎ ነበርኩ።

ከዚያ በፊት ጌይተርስበርግ አንድ ፋርማሲ ውስጥ ፎቶ የሚታጠብበት ካውንተር ላይ እሠራ ነበር። ሰው ፊልም ማምጣቱን ሲተው ማሽኑን ነቅለው ወሰዱት፤ እኔን ካሽ ሬጂስተር ላይ አቆሙኝ። የማሽኑን ድምፅና የኬሚካሉን ሽታ ለምጄ ስለነበር ቦታው ባዶ ሆነብኝ። ደንበኛችን የነበረች አንዲት ሴትዮ ናት ላብራቶሪው ሰው እንደሚፈልግ የነገረችኝ። ከሲልቨር ስፕሪንግ በሜትሮ ባቡር፣ በሬድ ላይን ተነስቼ፣ ጋለሪ ፕሌስ ላይ ወደ የሎ ላይን ቀይሬ ለኢንተርቪው ሄድኩ። በሳምንቱ ተቀጠርኩ።

ማዕረጉ ከታች ወደ ላይ እንዲህ ነበር፦ ቴክኒሻን፣ ሲኒየር ቴክኒሻን፣ ረዳት ኮንሰርቫተር፣ ኮንሰርቫተር። ቴክኒሻን ፊልሙን ያጸዳል፣ ፖስታ ውስጥ ይከታል፣ ስካን ያደርጋል። ኮንሰርቫተር የተጎዳውን ያክማል። እኔ ከታች ጀመርኩ።

የመጀመሪያው ወር ሥራዬ ፖስታ ብቻ ነበር። ቁጥሩ ፖስታው ላይ የሚጻፈው ፊልሙ ከመግባቱ በፊት ነው፤ ከገባ በኋላ ከጻፍሽበት የእርሳሱ ጫና ምስሉ ላይ ይታተማል። እስክሪብቶ ጠረጴዛው አጠገብ አይደርስም። ኔጋቲቭ የሚያዘው በጠርዙ ነው። አቧራ በጎማ መንፊያ ይነፋል እንጂ በአፍ እፍ አይባልም። አንድ ቀን ሳላስበው እፍ አልኩ። ዳያን ከክፍሉ ማዶ ሆና «ሰማሁሽ» አለች። ሁለተኛ አልደገምኩትም።

በጊዜው እንሠራባቸው የነበሩት ፎቶዎች የዚሁ አካባቢ ባሕረ ሰላጤ ነበሩ። ኦይስተር የሚባለውን የባሕር ምግብ ከቅርፊቱ የሚፈለፍሉ ሴቶች፣ መረብ የሚጠግኑ ወንዶች፣ ምርጫ ሲደርስ ወደቡ ላይ ቆሞ የሚጮኽ ፖለቲከኛ፣ የዓሣ አጥማጆች ቤተ ክርስቲያን የእሑድ ምሳ። እኔ የደሴ ልጅ ነኝ፤ በተራራ መካከል ነው ያደግኩት። ባሕርን ያወቅኩት ከሥሩ መብራት ባለው ላይት ቴብል ላይ፣ ጥቁሩ ነጭ ነጩ ጥቁር ሆኖ ነው።

እነዚያን ፎቶዎች ስሠራ ነው ሽታውን የተማርኩት። የድሮ ፊልም ሲበላሽ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሸታል። ዳያን ሳጥን ስትከፍት ጎንበስ ብላ ታሸትና ትንሽ ሰማያዊ ወረቀት ከፊልሙ ጋር ትከታለች። ወረቀቱ ሰማያዊ ሆኖ ከቆየ ፊልሙ ጤነኛ ነው። አረንጓዴ ከሆነ ታሟል። ቢጫ ከሆነ ቶሎ ፍሪዘር ካልገባ አይተርፍም፤ አሲዱን የሚያቆመው ብርድ ብቻ ነው።

ዓመታት አለፉ። ሲኒየር ሆንኩ፤ ቀጥሎም ዳያን ራሷ አስተምራኝ ረዳት ኮንሰርቫተር ሆንኩ። ልጄ ኮሌጅ ጨረሰች። ኑሮዬ በሥራና በሜትሮ መካከል ተስተካክሎ ይሄድ ነበር።

አንድ ማክሰኞ ከሰዓት ሄለን ኮል አደረገችኝ። ሄለን ሲልቨር ስፕሪንግ የእኛ አፓርትመንት ውስጥ፣ ሁለት ፎቅ ከበላዬ፣ ከአባቷ ጋር ትኖራለች። ሆስፒታል ነው የምትሠራው።

«ትርንጎ፣ አንቺ ከአሮጌ ፎቶ ጋር አይደል የምትሠሪው? ምድር ቤት ያለው ስቶሬጃችን ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሸታል። ጎረቤት ኮምፕሌይን አድርጎ ማኔጅመንቱ አጽዱ ብሎናል። የአባባ ፊልሞች ናቸው። እውነቱን ልንገርሽ፣ እሱ ሳያይ የቆሻሻ ዳምፕስተር ውስጥ ልጥላቸው ነው።»

«እንዳትነኪያቸው! ስወጣ እመጣለሁ» አልኳት።

አባቷን ጋሽ ሰይፉን በሰላምታ ብቻ ነበር የማውቃቸው። ባርኔጣ የማይለያቸው፣ ቀጠን ያሉ ሽማግሌ ናቸው። ሊፍት ውስጥ ስንገናኝ ፊቴን ትኩር ብለው ያዩኝና «ብርሃኑ ከግራ ቢሆን ያምርብሽ ነበር» ይሉኝ ነበር። ቀልድ ይመስለኝ ነበር። ለካ አሰብ ውስጥ ፎቶ ቤት የነበራቸው ሰው ናቸው።

ማታ ከሄለንና ከእሳቸው ጋር ምድር ቤት ወረድን። የሽቦ በሩ ሲከፈት ሽታው ዓይኔን አቃጠለው። ከግድግዳው ጋር የብስኩት ቆርቆሮዎች እስከ ደረቴ ድረስ ተደርድረዋል። የሁሉም ክዳን ዙሪያውን በፕላስተር ታሽጓል።

«መንግሥት ሲለወጥ ከአሰብ የወጣነው እየሮጥን ነው» አሉኝ ጋሽ ሰይፉ። «የልብሱን ሻንጣ ትቼ እነዚህን ነው የተሸከምኩት። ጅቡቲ ከእኔ ጋር ተኙ። እዚህም ከእኔ ጋር መጡ። ይኸው ዙሪያውን አሽጌያቸዋለሁ፤ አቧራ አልገባባቸውም፣ ውኃ አልነካቸውም።»

እንዴት ብዬ ልንገራቸው? ዝም ማለትም አልቻልኩም።

«ጋሽ ሰይፉ፣ ፊልሙ ሲያረጅ ራሱ አሲድ ያወጣል። መውጫ ሲያጣ ተመልሶ ፊልሙን ይበላዋል።»

ቆርቆሮው ላይ እጃቸውን አስቀመጡ። «እንግዲህ አፍኜ ገደልኳቸው በይኛ!»

«አልሞቱም። ታመዋል። እርስዎ ባይሸከሟቸው ኖሮ የሚታመምም አይኖርም ነበር።»

አንዱን ከፈትኩ። ከላይ ያለውን ጥቅል አውጥቼ ወደ አምፖሉ ቀና አደረግኩት። የጨው ክምሮች ናቸው፤ ኔጋቲቭ ላይ እንደ ከሰል ጠቁረዋል። በክምሮቹ መካከል አካፋ የያዙ ሰዎች በረድፍ ቆመዋል። የአንዳቸውም ፊት አልተበላሸም። ሄለን ከኋላዬ መጥታ አየችው። «ይኼን ነው ልጥለው የነበረው?» አለች፤ ቀስ ብላ፣ ለራሷ።

ጠዋት ዳያን ቢሮ ገባሁ። ሽታው ዓይን እንደሚያቃጥል ሳይቀር ነገርኳት።

«ደንበኛው ማነው?» አለችኝ።

«ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር ጡረተኛ ፎቶ አንሺ።»

«ድርጅት የለውም?»

«የለውም።»

መነጽሯን ከግንባሯ አወረደች። «ትሪንጎ፣ ቢጫ ደረጃ የደረሰ ፊልም ከሌሎቹ ስብስቦች ጋር አንድ ክፍል አላስገባም። አሲዱ ይተላለፋል። ይህንን ታውቂያለሽ።»

«አውቃለሁ። ከኋላ ያለው አሮጌ ፍሪዘር ባዶ ነው። በአየር ማስወጫው ኮፈን ሥር እየከፈትኩ፣ እያሸግኩ እሱ ውስጥ ላስገባቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ በራሴ ጊዜ እሠራለሁ።»

«ከዚያስ? ማን ያየዋል? ማን ያውቀዋል? ሰው የማያውቀውን ፎቶ እድሜ ልኩን ፍሪዘር ውስጥ አናስቀምጥም።»

«የሚያውቁትን ሰዎች አመጣለሁ» አልኳት። ከየት እንደማመጣ ገና አላሰብኩም ነበር።

ዳያን መነጽሯን መልሳ ግንባሯ ላይ ሰቀለች። «ብርዱ እስኪገባ ድረስ» አለች። «አሠራሩ እንደማንኛውም ስብስብ ይሁን። ባለቤቱ የደረደረበትን ቅደም ተከተል እንዳታፋልሺው።»

ይህ በሥራችን ትልቁ ሕግ ነው፤ የባለቤቱ አደራደር ራሱ መረጃ ነው። ጋሽ ሰይፉ በዓመት ሳይሆን በቦታ ነው የደረደሩት። የጨው ማምረቻው ለብቻ፣ ነዳጅ ማጣሪያው ለብቻ፣ ወደቡ ለብቻ። ሰልፍና ስብሰባ ሌላ ቆርቆሮ። ሠርግ፣ ክርስትና፣ የእግር ኳስ ቡድኖች ሌላ። ጥምቀት ባሕር ዳርቻ ላይ የተነሳ አንድ ጥቅል ነበር፤ ታቦቱን ያጀበው ሕዝብ ጫማውን አውልቆ ውኃው ጠርዝ ላይ ቆሟል፣ ከጀርባ ሳንቡክ ጀልባዎች ይታያሉ። ከእሱ ቀጥሎ ዒድ ነው፤ ያው የባሕር ዳርቻ፣ ሌላ ነጭ ልብስ።

አሰብን ረግጫት አላውቅም። በዚያ በጋ ግን መንገዷን እስካውቀው ድረስ ስካን አደረግኩ። ልጄ አንድ ማታ ስክሪኑን አይታ «ማም፣ ዌር ኢዝ ዚስ?» አለችኝ። የት እንደሆነ ነገርኳት። ቁጭ ብላ ሁሉንም አየች። ስለ አገር ብዬ ከነገርኳት ሁሉ ይልቅ ጥያቄ የጠየቀችኝ ስለ እነዚያ ፎቶዎች ነው።

ሰዎቹን የማግኘቱ ሥራ የሄለን ሆነ። አሰብ ያደጉ ሰዎች በስልክ የሚገናኙበት ግሩፕ እንዳላቸው ታውቃለች፤ ወሬውን ለቀቀችው። ሲልቨር ስፕሪንግ የሰፈር አዳራሽ ተከራየን፣ ፕሮጀክተር አቆምን። በመጀመሪያው ቅዳሜ ጥቂት ሰው ይመጣ ይሆናል ብለን ነበር። ከግሪንቤልት፣ ከሴቨን ኮርነርስ፣ ከባልቲሞር ሳይቀር መጡ። ወንበር አልቆ ሰው ግድግዳ ተደግፎ ቆመ።

የመጀመሪያውን ፎቶ አሳየሁ። ሁሉም በአንድ ጊዜ መናገር ጀመረ። «የማጣሪያው በር!» «ኧረ ያ የእኛ ግቢ ነው፣ አጥሩ ላይ ያለው የእናቴ ምንጣፍ ነው!» «አሰልጣኛችን! እዩት እስቲ ጢሙን!» እኔ በእርሳስ እጽፋለሁ፤ አልደርስ ስል ሄለን በቴሌፎኗ ትቀዳለች። ጋሽ ሰይፉ ፊት ወንበር ላይ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ሕዝቡን እንጂ ስክሪኑን አያዩም ነበር።

የጨው ሠራተኞቹ ፎቶ ሲመጣ ግን ስም የሚጠራ ጠፋ። «አፋሮች ናቸው» አለ አንዱ፤ ሌላ የሚጨምር አልነበረም። ጋሽ ሰይፉ «ስማቸውን ሳልጠይቅ አነሳኋቸው» አሉ። በቀጣዩ ሳምንት አሌክሳንድሪያ ታክሲ የሚነዱ አቶ መሐመድ የሚባሉ የአፋር ሰው መጡ። ወደ ስክሪኑ ተጠግተው ከግራ ወደ ቀኝ በጣታቸው እያሳዩ ስም ጠሩ። የአባት ስም፣ የጎሳ ስም፣ ማን የማን ወንድም እንደሆነ። ከመጨረሻው ሰውዬ ሲደርሱ ዘወር ብለው «ይኼ አጎቴ ነው። የጨው ውኃ የሚለቁበትን በር የሚከፍተው እሱ ነበር» አሉ። አዳራሹ አጨበጨበላቸው። እኔም ቁጥሩ ሥር ስሞቹን ሁሉ ጻፍኩ።

ችግር የመጣው ከሰልፎቹ ቆርቆሮ ነው። አደባባይ ላይ ሕዝብ ግራ እጁን ጨብጦ አንስቷል፤ መድረኩ ላይ ወጣቶች መፈክር ይዘዋል። አንዱ ከኋላ «ይኼ ይውጣልን!» ብሎ ተነሳ። «የመጣነው ሠርግና ወደብ ልናይ ነው፣ ያንን ዘመን ልናይ አይደለም።» ሌላው «ያልነበረ ልናስመስለው ነው እንዴ?» አለው። ድምፅ ከፍ አለ። አቶ ግርማ የሚባሉ፣ ሁልጊዜ ሸሚዛቸውን እስከ አንገት የሚቆልፉ ሰው ካፖርታቸውን አንስተው ወጡ። ሲወጡ ያየናቸው እኔና ጋሽ ሰይፉ ብቻ ነን።

«መድረኩ ላይ መሐል ያለው እሱ ነው» አሉኝ ጋሽ ሰይፉ በጆሮዬ።

ሰኞ ዳያንን አማከርኳት። «ከስብስቡ ምንም አይወጣም» አለች። «ስሞቹ ሲሟሉ በምናዘጋጀው ኤግዚቢሽን ላይ የሚሰቀለውን ግን የምትመርጡት እናንተ ናችሁ። ፊቱ ያለበትን ሰው ጠይቂው።»

መጠየቅ አላስፈለገኝም። በተከታዩ ቅዳሜ አቶ ግርማ ከሁሉም ቀድመው መጥተው ጠበቁኝ። ፎቶውን እንዳሳይ ጠየቁኝ። ሰው ሁሉ ከተቀመጠ በኋላ ተነሱ።

«መሐል ያለው እኔ ነኝ» አሉ። «ሃያ ዓመት አልሞላኝም ነበር። አምኜበት ነው የቆምኩት፤ በኋላ ምን እንደመጣ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ዛሬ የምነግራችሁ ስለ እኔ አይደለም። በግራዬ ያለውን ልጅ እዩት። ተስፋዬ ይባላል። ማጣሪያው ውስጥ ብየዳ ይማር ነበር። ይህ ሰልፍ ካለፈ በኋላ አንድ ነገር ተናገረ ተብሎ ተወሰደ፤ አልተመለሰም። እናቱ ፎቶ አልነበራትም። ፎቶውን ካወጣችሁት እሱ የትም የለም። የእኔንም ስም ጻፉ፣ የእሱንም ጻፉ።»

ባለፈው «ይውጣልን» ያለው ሰውዬ ተነስቶ መጥቶ አጠገባቸው ቆመ። ክንዳቸውን ያዘ። ጻፍኩ፤ ግርማ፣ ተስፋዬ። ከዚያ ቀን በኋላ የትኛው ይውጣ የሚል ክርክር አልተነሳም።

በዚያው ቀን ማብቂያ ላይ ወይዘሮ አስቴር ቀረቡኝ። ሴቨን ኮርነርስ ልብስ ሰፊ ናቸው። «አባቴ ወደብ ላይ ክሬን ነጂ ነበር» አሉኝ። «ከአሰብ ስንወጣ አልበማችን ቀረ። እኔ ትንሽ ልጅ ነበርኩ፤ አሁን ፊቱን ለማስታወስ ስሞክር የወንድሜ ፊት ነው የሚመጣብኝ። አላገኛችሁትም?»

ጋሽ ሰይፉ ሰምተው ቀና አሉ። «ክሬኑ ሥር አሰልፌ ያነሳኋቸው ፎቶ አለ። የክሬን ነጂዎቹ በሙሉ አሉበት።»

ነበረ። ግን ከቆርቆሮዎቹ ሁሉ የከፋው ውስጥ ነበር። ፊልሙ ተሸብሽቧል፤ ሥሩ ያለው ፕላስቲክ ሲኮማተር ላዩ ላይ ያለው ምስል መሄጃ አጥቶ እንደ ደረቀ ቅጠል ተጨማዷል። ስካን አደረግነው። ክሬኑ ይለያል፤ ከሥሩ ሰዎች እንዳሉ ያስታውቃል። ፊት የለም፣ ሽብሽብ ብቻ።

ለእንዲህ ያለው አንድ ሕክምና አለ። ፊልሙ ኬሚካል ውስጥ ይነከርና የምስሉ ቆዳ ከፕላስቲኩ ይለያል። ከተሳካ ቆዳው ተዘርግቶ እንደ ጥንቱ ይሆናል። ካልተሳካ ይቀደዳል፤ መልሶ የሚጠግነው የለም። ባለቤቱ ሳይፈቅድ አይሠራም። ጋሽ ሰይፉን ጠየቅኳቸው።

«ካልሠራሽውስ?»

«በጥቂት ጊዜ ውስጥ ራሱ ይሰነጣጠቃል።»

«እንግዲያው ምን ትጠይቂኛለሽ? ሥሪው።»

ዳያን ትሠራዋለች ብዬ ነበር። እሷ ግን የላብራቶሪ ጋዋኗን ለብሳ ኮፈኑ አጠገብ ቆማ «የኬሚካሉን ትሪ እኔ አዘጋጃለሁ፤ እጁ ያንቺ ነው» አለች። «እነዚህን ሰዎች የምታውቂያቸው አንቺ ነሽ።»

ፊልሙን በጠርዙ ይዤ ኬሚካሉ ውስጥ አስተኛሁት። መጀመሪያ ምንም አልሆነም። ቀስ በቀስ ጠርዙ ተነሳ። ትንፋሼን ይዤ በለስላሳ ብሩሽ ሥሩን ገፋሁት። በአንደኛው ጥግ ተጣብቆ እምቢ አለ። «አትጎትቺ፣ ጠብቂ» አለች ዳያን። ጠበቅኩ። ለቀቀ። የምስሉ ቆዳ እንደ ወተት ስልባቦት ከላይ ተንሳፈፈ፤ ሽብሽቦቹ እያየሁ አንድ በአንድ ተፈቱ። ግልጽ ፕላስቲክ ከሥሩ አስገብቼ አነሳሁት፣ በብሩሽ ዘረጋሁት። አልተቀደደም።

ስካነሩ ላይ አድርገን ጥቁርና ነጩን ገልብጠን ወደ ፖዘቲቭ ስንቀይረው በክሬኑ ሥር የተደረደሩ ወንዶች ከስክሪኑ ወጥተው አዩን። አንዱ እየሳቀ ነው። አንዱ ቆቡን ወደ ጎን አዘንብሏል። ዳያን ትከሻዬን በሁለት እጇ ያዘችና ነቀነቀችኝ። በዚያ ሁሉ ዓመት እንዲያ ስትሆን አይቻት አላውቅም። ሁለታችንም እንደ ልጅ ጮኽን፤ ከላይ ፎቅ ሰው ምን ተፈጠረ ብሎ ወረደ።

ወይዘሮ አስቴርን ላብራቶሪው ጠራኋቸው። ማን እንደሆነ አልነገርኳቸውም፤ እኔም አላውቅም ነበር። ስክሪኑ ፊት ቆሙ። ጣታቸው ቀጥታ ሄዶ ቆቡን ያዘነበለው ሰው ላይ አረፈ።

«አባዬ» አሉ። ቀጥለው «ቁመቱ! ረስቼው ነበር፤ ከሁሉም ይበልጥ ረጅም ነበር!» ብለው ሳቁ። እንባቸው እየወረደ ነበር የሚስቁት። ትልቅ አድርገን አትመን ሰጠናቸው። በሜትሮ እቅፍ አድርገውት ሄዱ።

ኤግዚቢሽኑ የተከፈተው እዚያው አሌክሳንድሪያ፣ ላብራቶሪው አጠገብ ባለ አዳራሽ ነው። ዳያን መጠነኛ እንግዳ ጠብቃ ነበር። በሩ ሳይከፈት ሰልፉ እስከ መንገዱ ጥግ ደረሰ፤ የሕንፃው ጠባቂ ምን እንደሆነ ሊጠይቀኝ መጣ። በአንድ በኩል ጨው፣ ማጣሪያና ወደብ ሰቅለናል። በሌላው ሰልፎቹን፣ ከእነስማቸው። መጨረሻ ላይ ሠርግ፣ ጥምቀት፣ ዒድ፣ ኳስ። አቶ መሐመድ ልጆቻቸውን አምጥተው ጨው ሠራተኞቹ ፊት አቁመው በአፋርኛ ይነግሯቸዋል። አቶ ግርማ በተስፋዬ ፎቶ አጠገብ ቆመው ለጠየቃቸው ሁሉ ይመልሳሉ። አሜሪካኖቹ የሙያ ባልደረቦቼ እኔን ይጠይቁኛል፤ እኔ ወደ ጋሽ ሰይፉ እጠቁማለሁ።

ጋሽ ሰይፉ ግራጫ ሱፍ ለብሰው ነበር። ከመድረክ ንግግር አድርጉ ሲባሉ እምቢ አሉ። «ሥራዬ መናገር አይደለም። የአሰብ ልጆች ሁሉ እዚያ ደረጃ ላይ ውጡልኝ» አሉ። ሄለን ቴሌፎኗን ሰጠቻቸው፤ ገልበጥ ገልበጥ አድርገው አዩትና ተቀበሉ። ከዚያ በኋላ ሰውዬው ሌላ ሆኑ። «ረጅሞች ወደ ኋላ! አስቴር፣ መሐል ግቢ። ግርማ፣ ኮሌታህን ክፈት፣ ታንቀህ ሞትክ እኮ! መሐመድ፣ ልጆቹን ወደ ፊት አምጣቸው። አንገት ቀና!» ሕዝቡ እየሳቀ ታዘዘ። አነሱ። አንድ ደግመው አነሱ። «ጥሩ ነው» አሉ፣ ልክ ለደንበኛ እንደሚናገሩ። «ነገ መጥታችሁ ውሰዱ።»

ከዚያ ሳምንት በኋላ ዳያን ጠርታ የአሰብ ስብስብ ከባሕረ ሰላጤው ስብስቦች ጎን ቋሚ ቦታ እንደተሰጠው ነገረችኝ። ቆርቆሮዎቹ ሁሉ ተከፍተው፣ ፊልሙ ሁሉ ታሽጎ ፍሪዘር ገባ። እኔም ኮንሰርቫተር ተብዬ ተሾምኩ፤ ጡረታ የወጣሁት በዚያ ማዕረግ ነው። ጋሽ ሰይፉ አሁንም ሁለት ፎቅ ከበላዬ ይኖራሉ፤ ከዓይናቸው በቀር ደህና ናቸው። ስማቸው ያልታወቀ ፊት ሲገኝ አሁንም አትሜ እወስድላቸዋለሁ፣ ወደ መስኮቱ ይዘውት ይሄዳሉ።

አዲስ ቴክኒሻኖች አንዳንዴ ኮል አድርገው ምክር ይጠይቁኛል። የምነግራቸው ይህን ነው። ሽታ ያለው ሳጥን ሲመጣ በዚያው ቀን ክፈቱት፣ አየር ይግባው፣ ከሌሎቹ ለዩት። ስካን ከማድረጋችሁ በፊት ፎቶውን ያነሳው ወይም ፎቶው ላይ ያለው ሰው በሕይወት መኖሩን አጣሩ። ካለ መጀመሪያ ወደ እሱ ሂዱና ስሞቹን ጠይቁ። ፊልሙን ፍሪዘር ያቆየዋል፤ ስሞቹን የሚያቆይ መሣሪያ እኛ ቤት የለም።